እናቴ የተሸከመችው ድንጋይ

አባቴን የወሰዱት ገብሱ ታጭዶ ገና ሳይወቃ ነው። ቤታችን ከደብረ ማርቆስ ወደ ሮብ ገበያ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ነበር፤ እንዲያ ያለ ቤት በጣሊያን ዘመን ለባለቤቱ አይበጅም። ቀን ባንዳ ይመጣል፣ ሲመሽ አርበኛ ይመጣል፣ ሁለቱም ይርባቸዋል። አባቴ በሩን ያንኳኳን ሰው ከየት መጣህ የሚል ሰው አልነበረም፤ መጀመሪያ ያበላል፣ የሚጠይቀው ካለ ከዚያ በኋላ ይጠይቃል። ለሽፍታ ስንቅ አቀበልክ ብለው ሊያስሩት ከመጡት ባንዶች አንዱ እኛው ቤት ተቀምጦ ጠላ የጠጣ ሰው ነበር። አባቴን ቀና ብሎ ማየት አፈረ፤ ገመዱን ግን ጠበቅ አድርጎ አሰረው።

እኔ ያን ጊዜ ባሌን ፈትቼ ወላጆቼ ቤት የተመለስኩ ሴት ነበርኩ። ምላሷ አያስቀምጣት ይሉኛል፤ ከባሌም ያፋታኝ እሱ ነው። ያን ቀን ባንዳውን የምችለውን ያህል ሰደብኩት። አባቴ ዞር ብሎ ተይ በሚል ዓይን አየኝ፣ ተውኩት። በሸሚዝ ብቻ ነበር የወሰዱት፤ በርኖሱ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ቀረ።

ደብረ ማርቆስ ጥቂት አቆይተው ወደ አዲስ አበባ እንዳሻገሩት ከገበያተኛ ሰማን። ቀጥሎ የመጣው ወሬ የባሰ ነበር፤ ከጎጃም የተወሰዱትን እስረኞች በመርከብ ጭነው ባሕር ማዶ ሊወስዷቸው ነው ተባለ። እናቴ መርከብ ምን እንደሆነ በወሬ እንኳ በደንብ አታውቅም፤ ከዚያ የተጫነ ሰው እንደማይመለስ ግን ገብቷታል። ከዚያ ቀን ወዲህ ከአፏ የሚወጣው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ሳይጫን ዓይኑን ልየው፣ በርኖሱንም በእጄ ላልብሰው።

አባይን ለመሻገር ግን የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ደጀን ላይ ኬላ አለ፤ ወረቀት ያልያዘ ሰው፣ ሴትም ብትሆን፣ ከዚያ አያልፍም። ወረቀቱን የሚሰጠው ደብረ ማርቆስ የተቀመጠው የጣሊያን ሹም ነው። የገና በዓል ሲቃረብ ወደ ከተማ ወረድንና ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጦ አቤቱታ ለሚጽፍ ደብተራ ነገራችንን ነገርነው። ደብተራው አሳምሮ ጻፈልን። ባሏ ንጹሕ ገበሬ ነው፣ በሽፍታ ነገር እጁ የለበትም፣ እሷም አባይን ተሻግራ እንድታየው ይፈቀድላት የሚል ነበር። ሲያነብልን እናቴ አለቀሰች። እኔ ደግሞ ደስ አለኝ፤ እንዲህ አምሮ የተጻፈ ነገር እምቢ የሚባል አልመሰለኝም።

አቤቱታውን ተቀበሉን። ከዚያ በኋላ የሆነው ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው።

የሹሙ መሥሪያ ቤት ዙሪያውን በሽቦ የታጠረ ነበር። ባለጉዳይ ከሽቦው ውጭ ይቆማል፣ ረፋዱ ላይ አስተርጓሚው ካፖርቱን ደርቦ ወደ በሩ ብቅ ይላል፣ ሁላችንም አንገታችንን እናሰግጋለን። ገና ነው ይላል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ተጽፏል፣ መልስ አልመጣም ይላል። ሌላ ጊዜ ሹሙ ለጉብኝት ወጥቷል። ሌላ ጊዜ ሹሙ ጉንፋን ይዞታል። የጎጃም ብርድ ለእሱም አልራራለትም ብዬ በልቤ ደስ አለኝ፤ እሱ በታመመ ቁጥር የእኛ ነገር እንደሚዘገይ ያሰብኩት በኋላ ነው። ለዘበኛው እንቁላል ወሰድንለት። እንቁላሉን ተቀብሎ የማን ሰዎች ናችሁ እንኳ አላለንም።

እናቴ ደጅ መጥናት ታውቃለች። ነጠላዋን አደግድጋ፣ ሹሙ ሲገባና ሲወጣ ሊያያት የሚችልበት ቦታ መርጣ ትቆማለች። እሱ እስኪያልፍ አትቀመጥም፣ አትናገርም። እኔ ቆሽቴ ያራል። ለምን ገብተን አንጠይቅም፣ ለምንስ ጮኸን አንነግረውም እላታለሁ። ትልቅ ሰው ፊት አይጮህም፣ እያየን ነው፣ አንድ ቀን ይጠራናል ትለኛለች። እኔ ግን አስተውዬዋለሁ፤ ሰውየው አንድም ቀን አላየንም። ከሽቦው ጋር አብረን የተተከልን እንጨቶች ነበርን።

እንዲህ እያልን ዐቢይ ጾም ገባ። ከደጀን በኩል በበቅሎ ጨው ይዞ የመጣ አንድ ነጋዴ፣ መርከቡ ከፋሲካ አይዘልም ሲባል ሰማሁ ብሎ ነገረን። እናቴ ከዚያ ቀን ጀምራ በፀሐይ መጥለቂያም እህል መቅመስ ተወች። ይሄኔ ነው አጎቴ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ የመጣው። በወጣትነቱ ከመኳንንት ግቢ ያገለገለ ሰው ስለሆነ የችሎት ነገር ለእሱ ይተዋል። ነገሩን ሁሉ አዳምጦ ሲያበቃ እናቴን እንዲህ አላት፤ «ወረቀት ብቻውን መች ያራራል? ድንጋይ ተሸከሚ።»

ዛሬ ይህን የሚያውቅ እየቀነሰ ስለሄደ ልናገረው። በእኛ አገር ይቅርታ የሚለምን ሰው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ሄዶ ከተቀየመው ሰው ፊት ይጎነበሳል። ያ ሰው የቱንም ያህል ቢቆጣ ፊት አይነሳውም። አውርድ ይለዋል፤ አውርድ ካለው ነገሩ አለቀ፣ ይቅር ተባባሉ ማለት ነው። አውርድ ሳይባል ድንጋዩ አይወርድም። ሰው የገደለ ሰው እንኳ በዚህ ሲታረቅ አይቻለሁ። ስለዚህ አጎቴ ሲናገር ሁላችንም እስከዛሬ እንዴት ረሳነው አልን። የንስሐ አባታችንም መልካም ነው ብለው ባረኩ። በሁሉ ነገር አፌን የማስገባው እኔም ምንም የምለው አልነበረኝም፤ ድንጋይ የተሸከመን ሰው ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ ማንም አልነበረም።

ድንጋዩን አጎቴ ከገዛ አጥራችን መርጦ አወጣ። ከመንገድ የተነሳ ድንጋይ ማስመሰል ነው ይላል። ጠፍጠፍ ያለ፣ ጥቁር፣ ከባድ ነበር። እናቴ በመንገድ በጀርባዋ አዝላው ሄደች። ልርዳሽ ስላት በፍጹም አለችኝ። የጣሊያኖቹ ባንዲራ ሲታየን ቆም ብላ ወደ ማጅራቷ አወጣችው፤ የቀረውን መንገድ ጎንበስ ብላ፣ መሬት መሬት እያየች ተጓዘች። ያገኘናት ሴት ሁሉ እግዜር ይርዳሽ ትላታለች። ከሽቦው ሥር የቆሙት ባለጉዳዮችም ቦታ ለቀቁልን።

ሹሙ ከመኪናው ወረደ። እንደ ወትሮው ሊያልፍ ሲል ቆመ። ያን ሁሉ ጊዜ ስንቆም እሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኛ ተመለከተ። አስተርጓሚውን ጠርቶ አንድ ነገር ጠየቀው፣ አስተርጓሚውም መለሰለት፣ እሱም ራሱን ነቀነቀ። ግቡ ተባልን። በሩን አለፍን። ቤት ስመለስ የአጎቴን እግር መሳም ይገባኛል ብዬ አሰብኩ።

ውስጡ ይሞቃል። ሹሙ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀመጠ። የእኛን አቤቱታ አስፈልጎ አስመጣ፤ የደብተራውን ጽሕፈት ከሩቅ አወቅኩት። እናቴ ከጠረጴዛው ፊት ጎንበስ እንዳለች ቆማለች፣ ላቧ ይንጠባጠባል። ሹሙ ተናገረ፣ አስተርጓሚው ወደ እናቴ ዞረ።

«ባልሽ ምን አጥፍቶ ነው ድንጋይ የተሸከምሽለት?»

ድንጋይ የተሸከመ ሰው አይከራከርም። ጥፋቱን አንስቶ እንዲህ ነው እንዲያ ነው አይልም፤ እንዲያ ካለ ልመናው ልመና አይሆንም። የሚባለው ነገር የታወቀ ነው፤ እናቴም የታወቀውን ተናገረች።

«አጥፍተናል ጌታዬ፤ ያጠፋነውን ሁሉ ይማሩን።»

አስተርጓሚው ቃሉን ሳይጨምር ሳይቀንስ እንደነገረው አሁን አምናለሁ። ለብዙ ዓመት ረግሜዋለሁ፣ ዋሽቶ ነው፣ ሸጦን ነው እያልኩ። ግን ምን ይዋሽ? ድንጋዩ ምን ማለት እንደሆነ ተጠየቀ፣ ጥፋተኛ ይቅርታ ሲለምን የሚሸከመው ነው አለ። እናቴ ምን አለች ተባለ፣ አጥፍተናል አለች አለ። ሁለቱም እውነት ነው። ሹሙ ብዕሩን አንስቶ ከአቤቱታችን ግርጌ ረዘም አድርጎ ጻፈ፤ እኔ እየፈቀደልን መስሎኝ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

ጽፎ ሲጨርስ አስተርጓሚው ነገረን። በአቤቱታሽ ባሌ ንጹሕ ነው ብለሽ ነበር፣ ዛሬ አጥፍቷል ብለሽ በአፍሽ አመንሽ፣ ይህም ለፍርድ ወደ አዲስ አበባ ይጻፋል አላት። ጥፋቱ የታመነበት ሰው ቤተሰብ አባይን አይሻገርም፤ የይለፍ ወረቀት አይሰጥም አለ።

ያኔ ጮህኩ። እንዲያ ማለቷ አይደለም፣ የአገሩን ልማድ ታውቀው የለም ወይ፣ ንገረው እንጂ አልኩት። አስተርጓሚው ፊቱ ልውጥውጥ አለ። ወደ ሹሙ ዞሮ ጥቂት ቃል ተናገረ፤ ሹሙ ቀና ሳይል እጁን አወናጨፈ። በቃ፣ ተጽፏል አለኝ አስተርጓሚው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

እናቴ ይህን ሁሉ አልሰማችም። ወይም ሰምታ ቦታ አልሰጠችውም። ድንጋዩን ተሸክማ አንዲት ቃል ትጠብቃለች። የተቆጣ ሰው ብዙ ይናገራል፣ በመጨረሻ ግን አውርጂ ይላል፤ እሷ የምታውቀው ይህን ነው። ሂጂ ሲሏት የባሰ ጎንበስ አለች። አስተርጓሚው ድንጋዩን ያያል፣ መስኮቱን ያያል። የአገሩ ሰው ነውና ምን እንደምትጠብቅ ያውቃል፤ እሱ ብቻውን አውርጂ ቢላት ግን ዋጋ የለውም፣ ይህንንም ያውቃል። በመጨረሻ አስካሪ የሚባሉ ሁለት የጣሊያን ቅጥር ወታደሮች ክንዷን ይዘው እንደተጎነበሰች አወጧት።

ከሽቦው ውጭ የቆሙት ሰዎች ድንጋዩ ማጅራቷ ላይ እንዳለ ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ። 

መንገድ ላይ ለመንኳት። አውርጂው፣ ሰው አይደሉም፣ የእኛን ሕግ የማያውቅ ምን ይገደዋል አልኳት። ትንሽ ትሄድና ትቆማለች፣ እንደገና ትሄዳለች። ልቀበላት እጄን ስዘረጋ «ተይ ልጄ፤ ሳይሉኝ?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ አልነካኋትም። አጠገቧ እየተራመድኩ በእልህ አለቀስኩ፤ ጣሊያኑን፣ ደብተራውን፣ አጎቴን፣ ያን ሁሉ የተቀበልነውን ምርቃት በየተራ ረገምኩ። ቤት ስንደርስ አጎቴ በር ላይ ይጠብቀን ነበር። ድንጋዩን ሲያይ ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ገባው፤ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ በነጠላው ፊቱን ሸፈነ። እናቴ ከአጥሩ ሥር እስክትደርስ ሄዳ ጉልበቷ ሲከዳት ድንጋዩ ከማጅራቷ ወደቀ። አውርዳው ሳይሆን ደክሟት ነው። ማንም ከወደቀበት አላነሳውም።

ፋሲካ አለፈ። ስለ አባቴ ምንም ወሬ አልመጣም። በርኖሱን በየጊዜው እያወጣች ታናፍሰዋለች። መርከብ ላይ ከሆነም ሰው ነው፣ የሚበላው አያጣም ትላለች፤ እኔ አዎ እላለሁ።

ጣሊያን ከአገራችን ሲወጣ ከእስር የተፈቱ ሰዎች በየመንደራቸው መመለስ ጀመሩ። አንድ ቀን አንድ የደብረ ኤልያስ ሰው ቤታችንን ጠያይቆ መጣ። አዲስ አበባ ከአባቴ ጋር አንድ ክፍል ታስሮ ነበር። እህል አቅርበንለት በላ፤ ስንጠብቀው ደግሞ ወሬውን ለመጀመር ፈራ። እናቴ ተናገር አለችው።

ከፋሲካ በፊት ነው አለ። አባቴን ከፍርድ ፊት አቀረቡት፤ ሰውየውም ተራውን እየጠበቀ እዚያው ነበር። ሚስትህ ድንጋይ ተሸክማ ጥፋትህን አምናለች ብለው ከወረቀት አነበቡለት። እውነት ነው ወይ ብለው ጠየቁት።

«ምንም አልተከራከረም» አለን ሰውየው። «እሷ ከተሸከመች እውነት ነው አላቸው። ከዚያ እሱ በተራው ጠየቃቸው። አውርጂ ብላችኋታል ወይ አለ።»

መልስ የሰጠው የለም። በማግስቱ ከሌሎች ጋር ከእስር ቤቱ አውጥተው ረሸኗቸው። መርከብ የሚባል ነገር ለእሱ አልነበረም።

አጎቴ ያን ጊዜ ሞቷል፤ ይህን ባለመስማቱ ደስ አለኝ። እንግዳው አቀርቅሮ ተቀምጧል። እናቴ አላለቀሰችም፤ በበሩ በኩል ወደ አጥሩ ታያለች። ድንጋዩ የወደቀበት ቦታ ሣር በቅሎበት ነበር።

«አላሉኝም» አለች።

ከዚያ ተነስታ በርኖሱን ከግድግዳው አወረደች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ማልቀስ ጀመረች።