ለቀርከሃ እጅ መንሳት

እኛ የሻኩሃቺ ሰዎች ጉዶች ነን። ሻኩሃቺ የጃፓን የቀርከሃ ዋሽንት ነው፤ ዳላስና ፎርትዎርዝ አካባቢ የምንነፋው ሰዎች ተሰብስበን አንድ ቫን አንሞላም። ሆኖም ሁላችንም ቤት ውስጥ ለዋሽንቱ የተለየ ጥግ አለን። ሳክሲ የምትባል ከተማ የሚኖረው ጡረተኛ ጓደኛዬማ መኪናውን ውጭ ፓርክ እያደረገ ጋራዡን በሙሉ ለዋሽንቶቹ ሰጥቷል። ሚስቱ ችላዋለች።

የእኔ ጥግ ዩለስ ከተማ ባለው አፓርታማዬ፣ ትርፉ መኝታ ክፍል ውስጥ ያለች አንዲት መደርደሪያ ነች። ዋሽንቱ የሚተኛው እማዬ ከአዲስ አበባ በላከችልኝ ነጠላ ላይ ነው። አጠገቡ ውሃ የሞላ ጎድጓዳ ሳህን አለ፤ ኤሲው አየሩን ሲያደርቀው ቀርከሃው እንዳይሰነጠቅ ነው። ከመንፋቴ በፊት ተንበርክኬ እጅ እነሳለሁ። አስተማሪያችን እንዲያ ነው ያስለመዱን።

እማዬ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ያንኑ ክፍል ሰጠኋት። ጥጉን ላንሳው ብዬ አላሰብኩም፣ የእኔ ነገር። አንድ ቅዳሜ ሻወር ገብታለች ብዬ ከዋሽንቱ ፊት ግንባሬን ወለሉ ላይ እንዳደረግሁ፣ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ።

«የላክሁልህን ነጠላ ለጣዖት አነጠፍከው?» አለችኝ። ድምጿ ዝግ ያለ ነበር፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«እማዬ፣ ማለቴ፣ ዋሽንት እኮ ነው።»

«ውሃውስ? ይጠማዋል?»

ስለ ኤሲው ማስረዳት ጀመርኩ። ማን ሊሰማኝ። ሻንጣዋን አልጋው ላይ አውጥታ ልብሷን ማጣጠፍ ያዘች። ቆሌ በሚመለክበት ቤት አላድርም፣ ፍሪስኮ ከተማ ያለችው እህትህ ጋ ውሰደኝ አለች። ስንቴ ቪዛ ተከልክላ፣ ስንት ተለምና የመጣች እናቴ በአንድ ቀርከሃ ልትሄድብኝ ነው።

የባሰ አታምጣ ስል በሩ ተንኳኳ። አስተማሪዬ ናቸው፤ ለትምህርት እንደሚመጡ ጭራሽ ረስቼዋለሁ። ጃፓናዊት አሮጊት ናቸው፣ ከእማዬ ቢበልጡ እንጂ አያንሱም። እማዬን ገና ሲያዩ ቦርሳቸውን አስቀምጠው፣ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ። እማዬ ሻሿን አስተካክላ እሷም ጎንበስ አለች። እሳቸው እንደገና ዝቅ አሉ። እማዬ ልትበለጥ ነው? ከእሳቸው ባሰች። ሁለት አሮጊቶች ሲወርዱ ሲነሱ የትኛዋን ቀና እንደማደርግ ጠፋኝ።

በመጨረሻ አስተማሪዬ ወደ መደርደሪያው ሄደው ለዋሽንቱም እንደዚያው እጅ ነሱ።

«ምን እያሉት ነው?» አለችኝ እማዬ በሹክሹክታ።

«የሠራውን ሰውና ያስተማሯቸውን እያመሰገኑ ነው» አልኳት።

ነጠላዋን አየት አደረገች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ሰላምታ ነው በለኛ» አለች። «እኔ ኤርፖርት ስደርስ ግን አንድ እጅህ ስልክ፣ አንድ እጅህ ሻንጣዬ ላይ፣ ‹መኪናውን እዚህ በማቆሜ ሊቀጡኝ ነው፣ ቶሎ በይ› አልከኝ። እጅ መንሳት ታውቅበት ኖሯል።»

እውነቷን ነው፤ አፈርኩ። አስተማሪዬ እያዩኝ፣ እናቴ ፊት ተንበርክኬ ጉልበቷን ሳምኩ።

«ዝቅ በል» አለችኝ ሳቋን እየያዘች። «ለቀርከሃው ከዚህ ትወርድ ነበር።»