ለታናሽ እህቴ የመጣው ደብዳቤ

ይህንን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ሐሜቴንና ቁጣዬን ስዘረዝር እንኳን ይህችን ዘልያታለሁ። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው።

ታናሽ እህቴ ሊያ በአስራ ዘጠኝ ዓመቷ የደም ካንሰር ያዛት። ኮሌጄን አቋርጬ ከሰፈራችን ከሳቫና እስከ ሆስፒታሉ ድረስ እየነዳሁ ያመላለስኳት እኔ ነኝ። እሷ ታማ፣ እናታችን እንግሊዝኛ እየፈራች፣ የተመዘገበው የእኔ ስልክ ነበር፤ ደብዳቤ የምከፍተውም እኔ። ሊያ ዳነች። እማዬ ስለቷን ለቤተ ክርስቲያን ስታስገባ ሰው ሁሉ ሊያን እያቀፈ አለቀሰ። እኔ ጓዳ ሳህን አጥብ ነበር። አንዲት ሴት ብቅ ብላ «አንቺ የሊያ እህት ነሽ አይደል?» አለችኝ። ስሜን አልጠየቀችኝም። ቀናሁ። ከሞት አፍ በወጣች እህቴ ቀናሁ፤ ከዚህ የባሰ ቅናት አለ?

ደብዳቤው ከታከመችበት ክሊኒክ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የወሰደችው መድኃኒት ከዓመታት በኋላ ልብ ሊያደክም ስለሚችል ልቧ በየጊዜው በአልትራሳውንድ መታየት አለበት ይላል። አነበብኩት፣ ገባኝ፣ መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት። ክሊኒኩ ሲደውልም «ሌላ ከተማ ሄዳለች፤ እዚያ ትከታተላለች» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ሊያ ግን እዚሁ አጠገባችን፣ ቸስተርሚር ነበረች፤ አዲስ ሙሽራ፣ በመኪና ቅርብ።

ምን ፈልጌ ነው? እንድትሞት? አይደለም፣ እምላለሁ። እንደገና «ሊያ፣ ሊያ» ሲባል መስማት አንገሽግሾኝ ነው። እማዬ ደግሞ ስለቱ ከገባ በኋላ የበሽታው ስም ቤታችን እንዳይነሳ ከልክላ ነበር፤ ማንሳት ምሕረቱን መጠራጠር ነው ትላለች። ስለዚህ ማንም ስለ ክትትል አልጠየቀም። ዝምታው ተመቸኝ።

አራት ዓመት አለፈ። ዘንድሮ ሊያ አረገዘች፤ በስድስት ወሯ ደረጃ መውጣት አቃታት። ሁሉም እርግዝናው ነው አሉ። እኔም አልኩ፤ እያወቅኩ አልኩ። አንድ ጠዋት ትንፋሽ ሲያጥራት ባሏ ይዟት ሮጠ። ልቧ ደክሟል። ሐኪሟ ቀደም ብሎ ቢታይ ኖሮ በመድኃኒት መያዝ ይቻል ነበር አለች። ልጇ ያለጊዜው ተወልዶ ተረፈ። እሷ ግን ደግማ እንዳታረግዝ ተነግሯታል፤ ልቧም የድሮው አይሆንም።

አሁንም ለክትትል የማመላልሳት እኔ ነኝ። ማክሰኞ ዕለት መኪና ውስጥ «ክሊኒኩ እኮ አንድ ቀን እንኳ ኮል አላደረገልኝም፤ ፋይሌን ረስተውት ነው» አለችኝ። ዓይኔን ከመንገዱ ሳላነሳ ነዳሁ። እሷም እጇን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችና «አንቺ ባትኖሪልኝ ግን ምን ይውጠኝ ነበር?» አለች።

ደስ አለኝ። እዚያው፣ መሪውን እንደያዝኩ፣ ደስ አለኝ። ስንት ዓመት የተራብኩት ቃል ነበር።

ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም። ይቅር ማለት የምትችለው እሷ ነች፤ እሷ ደግሞ እያመሰገነችኝ ነው፣ እኔም እየተቀበልኩ ነው።