አክስቴ ለግብዣ የለበሱት ካባ

ትናንት ባቡር ውስጥ ወገቡ ከጡት ሥር የታሰረ ረጅም ቀሚስ የለበሱ ሴቶች አየሁ። የድሮ የእንግሊዝ መኳንንትን መስለው ለመደነስ የሚሄዱ ናቸው። ሳያቸው አክስቴ ትዝ አሉኝ።

ጊዜው የደርግ ነው፤ እኔ ልጅ ነበርኩ። አክስቴ እንግሊዝ አገር፣ ሃክኒ የሚባል ሰፈር ውስጥ እንዲህ ላሉ ሰዎች ልብስ ይሰፉ ነበር። አንድ ቀን ለግብዣቸው ጠሯቸው። አክስቴም ከአገር ሲሰደዱ ሻንጣ ሥር ደብቀው ያመጡትን የእናታቸውን ባለወርቅ ጥልፍ ካባ አወጡ። ናፍታሊን ናፍታሊን ይሸታል።

"እትዬ፣ በጋ እኮ ነው፤ አይሞቅዎትም?"

"ዝም በይ! የተጠራ ሰው እንደ ማዕረጉ ነው የሚሄደው።"

ላስተረጉምላቸው አብሬያቸው ሄድኩ። አዳራሹ በር ላይ የቆመችው ሴትዮ የለበሰችው አክስቴ የሰፉትን ቀሚስ ነበር። ካባውን ዳሰስ አድርጋ፣ "በጣም ያምራል፤ ግን እኛ ከመረጥነው የድሮ ዘመን ጋር አይሄድም" አለች። ማዕዱ ላይ የሚቀመጠው የዚያን ዘመን ልብስ የለበሰ ብቻ ስለሆነ ለእኛ ኩሽና ውስጥ ምግብ እንደሚቀርብልን ነገረችን። እኔ አንገቴን ደፍቼ አስተረጎምኩ።

አክስቴ በሻማ የደመቀውን ረጅም ጠረጴዛ ከበሩ ላይ አዩት።

"አባቴን ጌታ ነዎት ብለው ረሸኗቸው" አሉ በቀስታ። "እነዚህ ደግሞ ጌታ ጌታ ይጫወታሉ።"

"ምን አሉ?" አለችኝ ሴትዮዋ።

"እግዜር ይስጥልኝ ብላለች በያት" አሉኝ አክስቴ።

እንዳሉኝ አልኳት። ሴትዮዋ ደስ ብሏት ቀሚሷን በሁለት እጇ ያዝ አድርጋ፣ ጉልበቷን ሸብረክ አደረገችና እጅ ነሳች። አክስቴም በልጅነታቸው እንደተማሩት፣ ካባቸውን ሰብሰብ አድርገው ዝቅ ብለው አጸፋውን መለሱ።

አክስቴ ከሞቱ ቆዩ። የሴትዮዋ እጅ መንሳት ለጨዋታ እንደነበር ያውቁ እንደሆነ ሳልጠይቃቸው ቀረሁ።