ዶርዜ ዳገት ላይ የምትፈላው ሚኒባስ

ኦይታ ሲቆጣ አይጮህም፤ የያዘውን መፍቻ ያስቀምጥና እጁን በጨርቅ ይጠርጋል። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ ጀርባ ያለችውን ጋራዡን የሚያዘወትር ሁሉ ይህን ያውቃል። ያን ማክሰኞ ጠዋት ግን ጮኸ።

ነገሩ የተጀመረው ወይዘሮ አገርነሽ ሚኒባሳቸውን አስጎትተው ሲመጡ ነው። ሾፌራቸው ሲላስ አንገቱን ደፍቶ ከኋላቸው ቆሟል። አራት ዓመት ሙሉ ከአርባ ምንጭ ዶርዜ ሲመላለስ አንድም ቀን መንገድ ላይ ቀርቶ አያውቅም ነበር። በዚህ ወር ግን መኪናዋ ሁለት ጊዜ ዳገቱ መሀል ፈልታ ተሳፋሪው በእግሩ ወጥቷል።

«ውሃ ሳያይ ነው የሚነሳው» አሉ ወይዘሮ አገርነሽ። «ዛሬ ቁልፌን እቀበለዋለሁ። አንተ ብቻ ሞተሩ ተርፎ እንደሆነ ንገረኝ።»

«በየጠዋቱ አያለሁ እትዬ!» አለ ሲላስ።

«ታዲያ ውሃው አንተን ሲያይ ነው የሚፈላው?»

ኦይታ አልሳቀም። «ሜዳ ላይስ እንዴት ናት?» ሲል ሾፌሩን ጠየቀው።

«ሜዳ ላይማ ቀዝቃዛ ናት። ጫኖ ደርሼ ስመለስ እንኳ የሙቀቱ መርፌ ከታች አይነሳም። ዳገት ስጀምር ግን ባንዴ ሽቅብ ነው።»

ኦይታ የተማረው እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። የቀረውን ሙያ ያገኘው አሮጌ የጥገና መጻሕፍትን ከመዝገበ ቃላት ጋር አቀራርቦ በማንበብ ነው፤ ለዚያም ፈጣሪውን ሳያመሰግን መጽሐፍ አይዘጋም። የሲላስን መልስ እንደሰማ የቴርሞስታቱን ቤት ፈታ። ባዶ ነው።

«የታለ?»

«መካኒኩ ሳምሶን ባለፈው ወር አወጣው» አለ ሲላስ። «ይህ ለብርድ አገር የተሠራ ነው፣ ለአርባ ምንጭ ምን ያደርጋል ብሎ ጣለው።»

ኦይታ ለወይዘሮ አገርነሽ ጣቱን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ አሳያቸው። ቴርሞስታት እንደ በረኛ ነው፤ ሞተር ሲግል ውሃው ወደ ራዲያተር ሄዶ እንዲቀዘቅዝ በሩን ይከፍታል፣ በዚያው ውሃውን ሳይቀዘቅዝ የሚመልሰውን አጭር መንገድ ይዘጋል። በረኛው ከሌለ አጭሩ መንገድ ክፍት ይሆናል፤ ዳገት ላይ የጋለው ውሃ እንደጋለ ወደ ሞተሩ ይመለሳል።

«ልጁ ጥፋት የለበትም። ቁልፉን እንዳይቀበሉት፤ መጣሁ» ብሎ ወጣ።

ሳምሶን በኦይታ እጅ ስድስት ዓመት ሠርቶ ባለፈው ዓመት የራሱን ጋራዥ የከፈተ ነው። ኦይታ ሲደርስ ከጭነት መኪና ሥር ተኝቶ አገኘው።

«ውጣ!»

«ጋሼ፣ ምን ሆኑ?»

«የሰው እንጀራ ፈትተህ ትጥላለህ? ለብርድ አገር ነው ያለህ ማነው? የትኛው ደንቆሮ ነው ያስተማረህ?»

ሳምሶን አቧራውን አራገፈ። መሬት መሬት እያየ፣ «እርስዎ ነዎት ጋሼ» አለ። «ካገኘነው መኪና ሁሉ ስናወጣ አልነበር? በጣሳ ሰብስበን ለቁራሌው ሸጥነው እኮ።»

እውነት ነው። ኦይታ ሲያወጣ ኖሮ ከአራት ዓመት በፊት ስለ አጭሩ መንገድ ያነበበ ዕለት ተወ። መተዉን ግን አፍሮ ለማንም አልተናገረም፤ ሳምሶን እንኳ የተወው የሚወጣ ቴርሞስታት ስለጠፋ መስሎት ነበር።

«እኔ ልሂድና ጥፋቱ የኔ ነው ልበላቸው» አለ ሳምሶን። «እርስዎ ስም አለዎት።»

«ዝም በል!» አለ ኦይታ። ያን ጊዜ ነው ጩኸቱ ገበያ ድረስ የተሰማው። «በኔ ጥፋት አንድ ሰው ሲዋረድ መዋሉ አይበቃም፣ ሁለተኛ ልጨምር?»

ሲመለስ ከቦዩ ዳር እርጥብ ሣር ነጨ። ወይዘሮ አገርነሽ ፊት፣ የሚስቱን ታላቅ ወንድም ጨምሮ ደንበኞቹ እያዩት፣ ሲላስ እግር ሥር ሣሩን በሁለት እጁ ይዞ ተንበረከከ። ጋሞ ውስጥ በሣር የለመነን ሰው እምቢ ማለት ነውር ነው።

«ይህን አመል ለሳምሶን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ስህተት መሆኑን አውቄም ዝም አልኩ» አለ።

«ተነሥ አንተ፣ ሰው ያያል!» አሉ ወይዘሮ አገርነሽ።

«ሰው ይይ» አለ ኦይታ።

ሲላስ ሣሩን ተቀበለና ኦይታን ደግፎ አነሣው። ወይዘሮ አገርነሽ ኦይታ እንደወጣ የተቀበሉትን ቁልፍ በጣታቸው አዞሩ። «እንግዲህ እኔ ማንን ልቆጣ?»

«እኔን። ግን ወረፋ ይያዙ፤ እኔ ቀድሜያለሁ።»

ቁልፉን ለሲላስ ወረወሩለት።

ከሰዓት በኋላ ኦይታ አዲስ ቴርሞስታት ገዝቶ፣ በፈላ ውሃ ውስጥ ከቶ ሲከፈት ካየ በኋላ ገጠመው፤ ከሲላስ ጎን ተቀምጦም ወደ ዶርዜ ወጣ። መርፌው መሀል ላይ ደርሶ ቆመ፤ ሲላስ «ተመስገን» አለ። ኦይታም በልቡ አመሰገነ፤ ቁጣው ግን አልበረደም። ሁለተኛው ጥምዝ ላይ አንዲት ያረጀች መኪና ኮፈኗ ተከፍቶ ትጨሳለች፤ ሾፌሯ በጀሪካን ውሃ ያፈስባታል።

«አቁምልኝ» አለ ኦይታ። «ያቺም በኔ እጅ ያለፈች ናት።»