ሁለት ዓይነት ሊድ

ሰሞኑን ቡታጅራ ውስጥ በቆርቆሮ ሠሪዎች በኩል ሳልፍ የአሲድ ጭስ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝና ደንግጬ ቆምኩ። ይኼን ሁሉ ሽበት ያበቀለ ሰው እንዴት በአንድ ሽታ ይደነግጣል?

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለን እኔና የክፍሌ ልጅ ሰሚራ፣ በኤሌክትሪክ የምትሄድ ትንሽ ባቡር ይዘን ለተማሪዎች የፈጠራ ውድድር ተመዘገብን። ባቡሯን አጎቷ ከአዲስ አበባ አሮጌ ገዝቶ አምጥቶላት ነበር፤ ሐዲድ ግን አልነበራትም። ስለዚህ ቀጫጭን የናስ ዘንጎችን በአሮጌ የሬዲዮ ሰሌዳ ቁርጥራጮች ላይ እየበየድን ራሳችን ሠራንላት። ኤሌክትሪኩ የሚደርሳት በዚያው ሐዲድ ነው።

ሬዲዮ ጠጋኙ ጋሽ ከድር በውስጡ ሙጫ ያለው ቀጭን ሊድ፣ ማለት እየቀለጠ ብረት የሚያያይዝ የመበየጃ ሽቦ፣ ሰጡንና፣ «የቆርቆሮ ሠሪዎቹን አሲድ አደራ እንዳትነኩ። ናሱን ቀስ ብሎ ይበላዋል» አሉን።

የእኔ ድርሻ መታጠፊያው ነበር። ሊዱ እየተንከባለለ አልይዝ አለኝ። ቀኑ ደግሞ ደረሰ። ለሰሚራ ሳልነግር አንድ ቆርቆሮ ሠሪ ለምኜ በእነሱ ወፍራም ሊድና በአሲድ አስበየድኩት። ጥርቅም ብሎ ያዘ።

ውድድሩ ወልቂጤ ነበር፤ ያን ሳምንት ዝናቡ አላባራም። ሚኒባሱ ውስጥ ሐዲዱ ያለበትን ካርቶን ጉልበቴ ላይ አድርጌ አጮልቄ ባይ፣ የመታጠፊያውን መገጣጠሚያዎች አሲዱ በልቷቸው አረንጓዴ ሆነዋል። ሰሚራ ቆጮ በጎመን ዘረጋችልኝ። ካርቶኑን ቶሎ ከድኜ «አልበላም» አልኳት።

«ምን ሆነሃል? አመመህ እንዴ?»

«ምንም።»

ደርሰን ስንሞክራት ባቡሯ መታጠፊያው ላይ ቀጥ አለች። ዳኞቹ እኛ ጋ ለመድረስ ጥቂት ጠረጴዛ ቀርቷቸዋል። ያን ጊዜ ተናዘዝኩ። ሰሚራ ምላጭ አውጥታ ናሱ እስኪያበራ ፋቀችውና የጋሽ ከድርን ሊድ ከጋለ መበየጃ ጋር አስጠጋች፤ እንደ ውሃ ተሰራጨ። ለካስ ጥፋቱ የሊዱ አልነበረም፤ እኔ ዘንጉን ሳልፍቅ ስበይድ ኖሬያለሁ።

ባቡሯ እየተንገጫገጨች ዞረች። አንዱ ዳኛ ግን የተፋቀውን አይተው፣ «ይኼ ምን ሆኖ ነው?» አሉ። ሰሚራ ጣቷን ወደ እኔ ስትቀስር በሐሳቤ ታየኝ።

«መጀመሪያ የተሳሳተ ሊድ መርጠን ነበር» አለች ሰሚራ። «አሲዱ በላብን።»

ሦስተኛ ወጣን። ስንመለስ እስከ እምድብር ድረስ አላናገረችኝም። እዚያ ስንደርስ፣ «ሁለተኛ እንዳትደብቀኝ» አለችኝ፤ በቃ።

ዛሬ የራሴ የጥገና ሱቅ አለኝ፣ ሁለት ሠራተኞችም አሉኝ። አንዳቸው የሰው ዕቃ አበላሽቶ ደንበኛ ሲቆጣ «እሱ ነው» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ይደርሳል። «አበላሽተነዋል» ለማለት ከራሴ ጋር እታገላለሁ። ሰሚራ ያኔ በአንድ ትንፋሽ ያለችውን እኔ እስከዛሬ ተለማምጄ አልጨረስኩትም።