ቀድሞ የገባ ስለት

ልጄ እዚሁ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሒሳብ ታስተምራለች። ከማስተማር በተረፋት ጊዜ ትመራመራለች። አይገባኝም ብዬ ምን እንደምትመራመር ብዙ ዓመት አልጠየቅኋትም። አንድ ቅዳሜ ያጠብሁትን ጋቢ አልጋ ላይ ስዘረጋ ራሷ መጥታ አሳየችኝ። ጋቢውን አንሥታ ጨመደደችው፤ ከዚያ ተዘርግቶበት ከነበረው ቦታ ሳታስወጣ መልሳ ጣል አደረገችው።

"እስካልቀደድሁት ድረስ፣" አለች፣ "አንዲት ነጥብ ቀድሞ ከነበረችበት ቦታ ልክ በላይ ትገኛለች። ቋሚ ነጥብ እንላታለን።"

"የቷ ናት?"

"እሱን አላውቅም። መኖሯን ግን አረጋግጣለሁ።"

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የተሸመነ ጨርቅ ስመረምር ኖሬአለሁ። ይህን ግን ማንም አልነገረኝም። ያለበትን ሳያዩ መኖሩን ማመን ለእኔ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ደስ አለኝ።

ስለ እነዚህ ነጥቦች የጻፈችው ጽሑፍ ውጭ አገር በሚታተም የሒሳብ መጽሔት ከወጣ ሦስተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። የእነሱ ሥራ የሚመዘነው ሌሎች ተመራማሪዎች በየጽሑፋቸው ሲጠቅሱት ነው። የእሷን ማንም አልጠቀሰውም። ቁጥሩ የሚታይበትን ገጽ ስልኬ ላይ ከፍታልኝ ስለነበር ጠዋት ጠዋት ከጸሎት በኋላ አየዋለሁ። ዜሮ።

ጥር ላይ አዲስ አበባ አንድ ባንክ ሥራ ሰጣት። "ማንም የማያነበው ነገር እየጻፍሁ እስከ መቼ እኖራለሁ፤ ልተወው ነው" አለች። መሄዷ ብቻ አይደለም የከበደኝ። ከልጅነቷ ጀምሮ ሒሳብ ስትሠራ ታንጎራጉራለች። በዚያ ሰሞን ዝም ብላ ነበር የምትሠራው።

እኔም ከሐይቁ ማዶ ላለችው ኪዳነ ምሕረት ተሳልሁ። አንድ ሰው ብቻ ይጥቀስላት፤ የቤተ ክርስቲያን ጥላ አስገባለሁ አልሁ። ለእሷ አልነገርኋትም።

የኪዳነ ምሕረት በዓል አራት ቀን ሲቀረው ስልኬን ብከፍት አንድ ይላል። ምንም ሳልተነፍስ ወጥቼ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ ያለው ቀይ ጥላ ገዛሁ። የካቲት ዐሥራ ስድስት በጀልባ ተሻገርሁ። ልጄ ፈተና ስለምትፈትን አልመጣችም።

ስለት የሚያሰሙት መሪጌታ ድምፅ ማጉያ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል።

"እናቴ፣ ስለትዎ ስለምን ነው?"

"ልጄ ጽሑፏ ተጠቅሶላት ነው።"

"የምን ጽሑፍ?"

"የሒሳብ።"

ማጉያውን በእጃቸው ሸፈኑት። "ከጠዋት ጀምሮ የወለደችውንና ከሕመም የዳነውን ስጠራ ነው የቆየሁት። ይህን ምን ብዬ ልጥራው?"

"እንዳልሁዎት ይጥሩት።"

"ማን ጠቀሰላት?"

"የማላውቀው ሰው።"

"ምእመናን፣" አሉ ማጉያውን ገልጠው፣ "የእኒህ እናት ልጅ የሒሳብ መጽሐፍ ጽፋ ሊቃውንት ጠቅሰውላታል፤ እልል በሉ።" መጽሐፍ አይደለም ልላቸው ነበር፤ እልልታው ቀደመኝ።

ማታ ሁሉንም ነገርኋት። አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

"እማዬ፣ ያቺ አንድ እኔ ነኝ።"

"እንዴት አንቺ?"

"ሁለተኛ ጽሑፍ ስጽፍ የመጀመሪያውን ጠቀስሁ።"

"ራስሽን?"

"ይፈቀዳል።"

"ይቆጠራል?"

"ኮምፒዩተሩ ይቆጥረዋል። ሰው አይቆጥረውም።" ከዚያ ሳቅ ያዛት። "ያ ሁሉ ሕዝብ ለእኔ እልል አለ?"

"አለ።"

እሷ ዓይኗን እየጠረገች ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። በማግሥቱ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድሁ።

"አባ፣ ያልሰመረ ስለት አስገባሁ። ሕዝቡንም በከንቱ እልል አስባልሁ።"

"ለእመቤታችን የተባለ እልልታ ከንቱ አይሆንም። ልጅሽ የጻፈችው እውነት ነው?"

"እውነት ነው ትላለች።"

"እንግዲያው ጥላው እዚያው ይቆይ። አንቺ ግን ቁጥር ማየቱን ተዪ። ጾሙ ሊገባ ነው፤ እሱንም አብረሽ ጹሚ፤ እስከ ፋሲካ።"

ለልጄ ስነግራት "እኔም እጾመዋለሁ" አለች። ለባንኩም እስከ ፋሲካ ታገሡኝ ብላ ጻፈች፤ ታገሧት። ያን ዓመት ከሥጋውም ከቅቤውም ይልቅ ቁጥሩ ከበደኝ። ስልኩን አነሣና መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

የሆሣዕና ዋዜማ ዘንባባ ስጎነጉን ከክፍሏ እንጉርጉሮ ሰማሁ። ዘንባባውን እንደያዝሁ ገባሁ።

"ሕንድ አገር ያለ ተማሪ ጻፈልኝ፣" አለች። "የእኔን ጽሑፍ መነሻ አድርጎ ሠርቷል። ካስቀመጥኋቸው ሦስት ቅድመ ሁኔታዎች አንዱ እንደማያስፈልግም አሳይቷል።"

"ተሳስተሻል ማለቱ ነው?"

"አይደለም እማዬ። ነገሩ እኔ ካሰብሁት በላይ እውነት ነው ማለቱ ነው።"

"ቁጥሩስ?"

"አላየሁትም። ጾም ላይ ነኝ።"

ለተማሪው አራት ገጽ መልስ ጻፈችለት። ለባንኩ ደግሞ አልመጣም ብላ ሁለት መስመር። እኔ ዘንባባዬን አስቀምጬ ወደ ምሥራቅ ዞርሁና አመሰገንሁ።

በዓመቱ አብረን ተሻገርን። ስለ ስሕተቴ ለመሪጌታው ነግሬያቸው ስለነበር ገና ሲያዩኝ ፈገግ አሉ።

"እናቴ፣ ዘንድሮስ ስንት ደረሱ?"

"አራት" አልሁ።

"ራሷን ጨምሮ?"

"ራሴን ሳይጨምር" አለች ልጄ ከኋላዬ።

ታቦቱ ሲወጣ ጥላዎቹ ተዘረጉ፤ ቀዩ ብዙ ነበር።

"የእኛ የትኛው ነው?" አለችኝ።

አንድ በአንድ አየሁ። ዘርፋቸው ሁሉ ያው ነው።

"አላውቀውም፣" አልኋት። "ከመካከላቸው ግን አለ።"

ሳቀች። ነጠላዋን ራሷ ላይ መለሰችና ሕዝቡን ተከትለን ሄድን።