የሌስተር ለቅሶ

ልጅ እያለሁ አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም ነበር። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ፈንዲሻ ነሽ እንዴ?» ትለኝ ነበር፤ እውነቷን ነው። ምሳ ስበላ አንድ እግሬ ወለሉ ላይ፣ ሌላው ወንበሩ ላይ ነው። ቁርዓን ስቀራም ዓይኔ መስኮቱ ላይ ነው። መስኮታችን ደግሞ የሚታይ ነገር አያጣም። የምንኖረው አሜሪካ፣ ከሲያትል ወጣ ብላ ባለችው ቱክዊላ፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ባለ ሁለት ፎቅ አሮጌ አፓርታማ ውስጥ ነበር። ከፊታችን የመኪና ማቆሚያው፣ ከማቆሚያው ወዲያ መጋዘኖቹ፣ ከላያችን ደግሞ ብርጭቆ እያንቀጠቀጠ የሚወርድ አውሮፕላን። ኮሪደሩ የእርጥብ ምንጣፍና የአሥር ቤት ሽንኩርት ይሸታል። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ እንደዚያ ዓይነት ግቢ ውስጥ ያደገ ሰው ሽታውን ገና ተናግሬ ሳልጨርስ ያውቀዋል።

ከጎናችን ባለው ቤት ሌስተርና ሚስቱ ዶና ይኖሩ ነበር። ሌስተር ቁመቱ የበሩን ጉበን የሚነካ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ሥራው ቤዝቦል መጫወት ነበር። ቦታው ከሜዳው መጨረሻ፣ ከአጥሩ ሥር ነው፤ ሌሎቹ መሃል ላይ ሲራኮቱ እሱ ራቅ ብሎ ይቆምና በዱላ የተመታች ኳስ በሰማይ ስትመጣ ሮጦ በጓንቱ ይቀልባታል። አባቴ መሃል ሲያትል የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራ ስለነበር ይህ ሥራ ይገርመው ነበር። «እኔም ቆሜ ነው የምውለው» ይላል፤ «የእሱ ልዩነቱ የሚያጨበጭቡለት መሆኑ ነው።»

ሌስተር ግን አንድ ቡድን ውስጥ የተደላደለ ሰው አልነበረም። ትልቁ ቡድን ሲያትል ነው፣ ጣሪያ ባለው በዚያ ግራጫ ስታዲየም የሚጫወተው። ትንሹ ቡድን ደግሞ ታኮማ ነው፤ ለትልቁ ያልደረሱትና ከትልቁ የተመለሱት እዚያ ይጫወታሉ። ከትልቁ ቡድን አንዱ ሲጎዳ ሌስተርን ይጠሩታል፣ የተጎዳው ሲድን ይመልሱታል። ቱክዊላ የተከራየውም በሁለቱ ከተሞች መሃል ስለሆነች ነው። ሻንጣው ከመኪናው ወርዳ አታውቅም።

ከግቢያችን ሲወጣ መኪናው ወደ ቀኝ ከታጠፈ ሲያትል፣ ወደ ግራ ከታጠፈ ታኮማ ነው። እኔ ይህን ካወቅሁ ጀምሮ እረፍት አጣሁ። ጠዋት ዓይኔን ሳልታጠብ መስኮቱ ላይ ነኝ። ወደ ቀኝ የታጠፈ ዕለት ትምህርት ቤት እየዘለልኩ እሄዳለሁ፤ ወደ ግራ የታጠፈ ዕለት ከአገኘሁት ልጅ ጋር እጣላለሁ። የሚመለከተኝ ነገር አልነበረም፤ ግን እኛም ያን ጊዜ ዛሬ እዚህ ነገ የት እንደምንሆን የማናውቅ ሰዎች ስለነበርን ይሆናል፣ ሌስተር አንድ ቦታ ረግቶ ቢቀመጥ እኛም የምንረጋ ይመስለኝ ነበር።

ከእሱ ጋር የተዋወቅነው በሩጫዬ ነው። ሥራ በሌለው ቀን ማቆሚያው ላይ የቴኒስ ኳስ ከጣሪያ በላይ ይወረውርልንና የግቢው ልጆች እንሻማለን። እኔ ኳሷን ገና ከእጁ ሳትወጣ ወደ ፊት እፈተለክና በጭንቅላቴ ላይ ታልፈኛለች። አንድ ቀን ትከሻዬን ይዞ አቆመኝ። መጀመሪያ ቁሚ አለኝ፤ ስትመታ ድምጿን ስሚ፣ ከዚያ የመጀመሪያው እርምጃሽ ወደ ኋላ ይሁን፣ ከኋላ ወደ ፊት መምጣት ይቀላል፣ ካለፈችሽ ግን አትደርሺባትም። መሮጥን ማንም ያስተምራል፤ መቆምን ያስተማረኝ ግን እሱ ነው። እናቴ ይህን ስነግራት «ተባረክ! እኔ ያቃተኝን» አለችና በሚቀጥለው ቀን ሳምቡሳ ላከችለት።

ትምህርት በተዘጋበት ሰሞን መኪናው ወደ ቀኝ መታጠፍ አበዛ። አንድ ቀን ሌስተር ለሦስታችንም ትኬት ሰጠንና ስታዲየም ገባን። እናቴ ሳምቡሳዋን ሻርፗ ሥር ደብቃ ነው የገባችው። ውጪ ፀሐይ ነበር፤ ውስጡ ግን እንደ ምድር ቤት ይቀዘቅዛል፣ የተቆላ ለውዝና የቢራ ሽታ ታምቆበታል። ጨዋታው ከመርዘሙ የተነሣ አባቴ ማዛጋት ጀምሮ ነበር። ሌስተር ሊያልቅ ሲል ገባና ከአጥሩ ሥር ቆመ። እኔ ወንበሬ ላይ ቆምኩ፣ ተቀመጥኩ፣ እንደገና ቆምኩ። ያን ጊዜ ኳሷ ተመታች። ሌስተር እንዳስተማረኝ መጀመሪያ ወደ ኋላ ረገጠ፤ ጀርባውን ሰጥቶን ሮጠ፣ ዘለለ፣ ቀለባት፣ ከግድግዳውም ጋር ተላተመ። እናቴ ሳምቡሳውን ጭኗ ላይ እንደያዘች እልልታዋን አቀለጠችው። ፊታችን የተቀመጡት ሁሉ ዞረው አዩዋት። እሷ እልል ስትል እሱ ገና አልተነሣም ነበር። ሲነሣም ኳስ የያዘውን ጓንት በግራ እጁ ከፍ አደረገ፤ ቀኝ እጁ ተንጠልጥላ ቀረች።

ከዚያ በኋላ ትከሻው እንደ ድሮው አልሆነም። መቅለብ ይችላል፣ መወርወር ግን አቃተው፤ ከአጥር ሥር የሚቆም ሰው ካልወረወረ ደግሞ አይፈለግም። በብርዱ ወራት በረዶ በፎጣ ጠቅልሎ ትከሻው ላይ አስሮ ኮሪደሩ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል እሰማዋለሁ። እናቴ «ሰው ወድቆ እልል አልኩ» እያለች ጉንጯን ትይዛለች። ጨዋታው በሚቀጥለው ዓመት ሲጀመር መኪናው ወደ ግራ ብቻ ይታጠፍ ጀመር። አባቴን ማቆሚያው ላይ አግኝቶ፣ ዘንድሮ ካልጠሩኝ አበቃልኝ ብሎት ነበር። እኔ መስኮቱ ላይ ሆኜ ቀኝ፣ ቀኝ፣ ቀኝ እላለሁ።

አንድ ቅዳሜ መኪናው ጭራሽ አልታጠፈም። በቆመበት አረፈደ። መጋረጃቸውም ተዘግቷል። እናቴ ቆሻሻ ልትጥል ወጥታ ዶናን ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አገኘቻት። ዶና እያለቀሰች ወደ ቤቷ በእጇ አሳየችና ገባች።

ፈረንጅ ቢሆን ምን ሆናችሁ ብሎ ይጠይቃል። እኛ ዘንድ ግን እንዲህ የሚያለቅስን ሰው ማን ሞተብህ ብሎ ማፋጠጥ ነውር ነው፤ መጀመሪያ ይደረሳል፣ ይቀመጣል፣ ሟቹ ማን እንደሆነ ከጎን ካለው ሰው በሹክሹክታ ይታወቃል። እናቴ ስልኩን አንሥታ ከማኅበረሰባችን ሰዎች ወደ አንዷ ደወለች። «እትዬ አልማዝ፣ ጎረቤቶቻችን ለቅሶ ገጥሟቸዋል። ኧረ አላውቅም፤ የሱ እናት ሳይሆኑ አይቀሩም። ሶ፣ ለሐጂ ከድርም ኮል አድርጊላቸው፣ ባንድ ላይ እንድረስ።» ከዚያ ባቄላና ስንዴ ለንፍሮ ጣደች። እኔ ግን የዶናን እንጂ የሌስተርን ድምፅ ከጠዋት ጀምሮ አልሰማሁም። ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው፣ ከግድግዳው ወደ መስኮቱ እየተመላለስኩ ጆሮዬን ለጠፍኩ። የሞተው እሱ ራሱ ቢሆንስ? እናቴን መጠየቅ ፈራሁ።

አባቴ ከሥራ እንደገባ ኮቱን ለበሰና ሄድን። ዶና በሯን ስትከፍት ደረጃውን የሞላ ሰው ነው ያገኘችው። ጫማችንን አውልቀን፣ አንገታችንን ደፍተን፣ ሶፋውን አልፈን ምንጣፉ ላይ በየግድግዳው ሥር ተቀመጥን። ዶና መሃል ላይ ቆማ አንዴ እኛን አንዴ የንፍሮውን ድስት ታያለች። ያን ጊዜ የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተና ሌስተር በቁምጣ፣ በረዶው ትከሻው ላይ እንደታሰረ፣ ብቅ አለ። በሕይወት አለ! ደስታዬ ሊያስጮኸኝ ነበር።

«አላህ ያጽናችሁ በያቸው» አለችኝ እናቴ። ተረጎምኩ። ሌስተር ቀስ ብሎ አየኝና ማን ነገራችሁ አለኝ። ምኑን አልኩት። ዛሬ ጠዋት ከቡድኑ እንዳሰናበቱኝ፣ ቤዝቦል እንዳበቃልኝ አለ።

«አባ፣ ሰው አልሞተም» አልኩ ዞሬ። «ከሥራ አሰናብተውት ነው።»

እትዬ አልማዝ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጫን አደረጉ፤ ትከሻቸው ግን ሲንቀጠቀጥ አየሁት። እናቴ ፊቷ ቀልቶ ድስቷን ይዛ ልትነሣ ስትል አባቴ «ተቀመጪ» አላት። «አንዴ ለቅሶ ተቀምጠናል፤ ብድግ ብሎ መሄድ ነውር ነው።» የማኅበረሰቡ ሽማግሌ ሐጂ ከድርም በተራቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ ለቅሶ ቤት የሚጠየቀውን ነገር እንደወጉ ጠየቁ። «በይ ጠይቂልኝ ልጄ፣ ታሞ ነበር ወይስ ድንገት ነው?»

ጥያቄው ስለ ሥራው መሆኑ ነው። እንዴት ብዬ እንደተረጎምኩት አላስታውስም። ሌስተር ግን ገባው። ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተና ከእኛ እኩል ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ታሞ ነበር አለ፤ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ታሞ ነበር፣ እኔ ነኝ ይድናል ያልኩት። ከዚያ በልጅነቱ ከአጎቱ ሜዳ ጀምሮ ማውራት ጀመረ፣ በአውቶቡስ ያደረባቸውን ከተሞች፣ መጀመሪያ ወደ ሲያትል የተጠራ ቀን ጫማውን ማሰር እንዳቃተው። እንባው ይወርዳል፣ ማንም አይዞህ ሌላ ይገኛል አላለውም። እያወራ ከንፍሮው በእፍኙ ይዘግናል፤ በጨዋታ ቀን ተጫዋቾቹ የሱፍ ፍሬ እንደሚቆረጥሙት አድርጎ ቆረጠመው።

በመጨረሻ እናቴ ወደ እኔ ጠጋ አለች። «ያን ቀን እልል ያልኩት እኔ ነኝ በይልኝ። አውፍ ይበለኝ።» ይቅርታዋን ስነግረው ሌስተር ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። መሬት ላይ ወድቄ ሰምቼዋለሁ አለ፤ በዚያ ስታዲየም ውስጥ ለእኔ ተብሎ ከተሰማ ድምፅ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው፣ ማን እንደሆነ ግን አላወቅሁም ነበር። እናቴ አለቀሰች። እስከ ሦስተኛው ቀን ማታ ማታ ሄደን ተቀመጥን።

ወሩ ሳያልቅ ዕቃቸውን ጭነው ከከተማው ወዲያ ያለውን ተራራ ተሻግረው ወደ ዶና ቤተሰቦች ሄዱ። ድስቱን ዶና አጥባ መለሰችው፣ ባዶውን ግን አልነበረም፤ የሱፍ ፍሬ ሞልታበት ነው። እናቴን ማኅበረሰቡ ለዓመታት ሲስቅባት ኖረ፤ ሠርግ ላይ ሳይቀር «ለሥራ ለቅሶ የደረሰችው» እያሉ ያስተዋውቋት ነበር። እኔም ከሚስቁት አንዷ ነበርኩ።

ያ ግራጫ ስታዲየም ፈርሷል። የቱክዊላው ግቢም ቀለም ተቀብቶ ለማወቅ ያስቸግራል። እኔ ሲያትል አጠገብ ሬድመንድ በምትባል ከተማ ኮምፒውተር ላይ ስሠራ ኖሬ፣ ባለፈው ሰሞን አንድ ጠዋት ስነሣ የሥራ ኮምፒውተሬ አላስገባ ብሎ ጠበቀኝ። የስንብቱ መልእክት አጭር ነበር። ባልደረቦቼ አይዞሽ የተሻለ ይመጣል እያሉ የልብ ምልክት ላኩልኝ፤ ከእነሱ አንድም ሰው በሬን አላንኳኳም። ለእናቴ በስልክ ነገርኳትና ደህና ነኝ ብዬ ዘጋሁ። ከዚያ ከክፍል ክፍል መዞር ጀመርኩ። ዕቃ አነሣለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ፣ መስኮት ጋ እሄዳለሁ። ልጄ በእንግሊዝኛ «እማ፣ እባክሽ አንዴ ቁጭ በዪ» አለችኝ። አልቻልኩም።

በማግስቱ በሩ ተንኳኳ። እናቴ ነች፤ በዚያ በሚያማት ጉልበቷ አውቶቡስ ቀያይራ፣ የላስቲክ ዕቃ በሁለት እጇ አቅፋ መጥታለች። አልሳመችኝም። ጫማዋን አወለቀች፣ ሶፋዬን አልፋ፣ ግድግዳውን በእጇ እየያዘች ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ክዳኑን ስትከፍተው ንፍሮ ነው። ልጄ ደንግጣ ማን ሞተ አለች። እኔ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆምኩ፣ ከዚያም ሄጄ ከእናቴ ጎን ተቀመጥኩ።

እናቴ ሻርፗን አስተካከለች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ታሞ ነበር ወይስ ድንገት ነው?» አለችኝ።